«ቴንድ ቱ»፦ የእንግሊዝኛ ዜና «በአመዛኙ እንዲህ ነው» የሚልበት ግስ (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ የእንግሊዝኛ ዜና እያነበቡ ቋንቋውን የሚያጠኑ ተማሪዎች፣ ዜና ወደ አማርኛ የሚመልሱ ጀማሪ ጋዜጠኞች፣ እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ መምህራን አንድ ትንሽ ግስ ላይ ሲደርሱ ይደናቀፋሉ። ግሱ በእንግሊዝኛ ፊደል ቲ፣ ኢ፣ ኤን፣ ዲ ተብሎ ይጻፋል፤ ብዙውን ጊዜ «ቱ» ይከተለዋል። የእንግሊዝኛ ምሳሌዎቹን በራሳችን ፊደል ጽፈናቸዋልና ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቧቸው።

ግሱ በትክክል ምን ማለት ነው?

አንድ ነገር ሁልጊዜ ባይሆንም በአመዛኙ እንደሚሆን ይናገራል። «ፕራይሲዝ ቴንድ ቱ ራይዝ ቢፎር ሆሊደይስ» የሚል ዓረፍተ ነገር ስታገኙ፣ በዓል ሲቃረብ ዋጋ መጨመር ይቀናዋል ማለት ነው። ከፒያሳም ሆነ ከሰኞ ገበያ ለፋሲካ ወይም ለአረፋ ሽንኩርትና ዘይት የገዛ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። አብዛኛውን ዓመት ይወደዳል፤ አልፎ አልፎ ደግሞ ጭነት በብዛት ይገባና ዋጋው ባለበት ይቆማል። ግሱ የተለመደውን ይናገራል፣ ከተለመደው ለሚወጣውም ቦታ ይተዋል። ሥሩ የላቲን ቃል ነው፤ መወጠር፣ መዘርጋት ማለት ነበር። ወደ አንድ ጎን ያጋደለ ነገር ብላችሁ ብታስቡት አትስቱም።

ዜና ጸሐፊዎች ለምን ያዘወትሩታል?

«በዓል ሲመጣ ዋጋ ይጨምራል» ብሎ የቆረጠ ጋዜጠኛ፣ ያልጨመረበትን አንድ ዓመት የሚያስታውስ አንባቢ ቢመጣበት መልስ የለውም። በዚህ ግስ ከጻፈ ግን ያው አንባቢ ተቃዋሚ መሆኑ ይቀርና የዓረፍተ ነገሩ አካል ይሆናል።

የሚገኝበትን ቦታም ልብ በሉ። ዜና ከሁሉ በፊት የዕለቱን ክስተት ይናገራል፤ ምን ሆነ፣ የት፣ መቼ። መሪው አንቀጽ ውስጥ ይህ ግስ እምብዛም አይታይም። ጋዜጠኛው ከዕለቱ ወጣ ብሎ ዳራ መስጠት ሲጀምር፣ ወደ መሐል አካባቢ ብቅ ይላል። በጥናት ዜና፣ በገበያ ዘገባና በአየር ጠባይ ዘገባ ውስጥ ይበዛል።

«በአመዛኙ» ሲባል ስንት ጊዜ ነው?

ቁጥር የለውም። እንደ መለኪያ ግን ይህን ያዙ፦ «ካን» ካለ ሊሆን ይችላል፣ ይከሰታልም ማለት ነው፤ ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አይነግራችሁም። «ቴንድ ቱ» ካለ ከማይሆንበት የሚሆንበት ይበልጣል። «ኦልዌይስ» ካለ ወይም ግሱ ብቻውን በአሁን ጊዜ ከቆመ ደግሞ ሕግ ወደ መሆን ይጠጋል። «ቴንድ ቱ» «ዩዡዋሊ» ከሚለው ጋር በጣም ይቀራረባል፤ አንዱን በሌላው ብትተኩ ትርጉሙ ብዙም አይናጋም። ሁለቱን አንድ ላይ መደርደር ግን አይመከርም፣ አንዱ ይበቃል። «ኦልዌይስ ቴንድ ቱ» የሚለው የባሰ ነው፤ «ሁልጊዜ አብዛኛውን ጊዜ» እንደማለት ነው።

የሚናገረው ስለ ጊዜ ነው ወይስ ስለ ሰዎች ብዛት?

ስለ ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ተማሪም ተርጓሚም በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

«ደሴ ቴንድዝ ቱ ቢ ኩለር ዛን ኮምቦልቻ» የሚለውን ውሰዱ። ሁለቱ ከተሞች የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ነገር ግን ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት። አየር በ1,000 ሜትር ከፍታ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ በመካከላቸው 4 ዲግሪ ገደማ ልዩነት ይጠበቃል። ነጠላ ጃኬት ደርቦ ከደሴ የተነሣ መንገደኛ ኮምቦልቻ ሲደርስ የሚያወልቀው ለዚህ ነው። እዚህ ላይ ግሱ የሚቆጥረው ቀኖችን ነው፤ ቀን ከቀን ሲነጻጸር አብዛኞቹ ቀኖች እንዲህ ናቸው ይላል።

አሁን ደግሞ «ዊሜን ቴንድ ቱ ሊቭ ሎንገር ዛን ሜን» የሚለውን ተመልከቱ። ሴቶች ከወንዶች ይልቅ ረጅም ዕድሜ መኖር ይቀናቸዋል። አንዲት ሴት አንዳንዴ ረጅም፣ አንዳንዴ አጭር ዕድሜ ልትኖር አትችልም፤ ዕድሜዋ አንድ ነው። ስለዚህ እዚህ የሚቆጠሩት ሰዎች ናቸው። ብዙ ሴቶችና ብዙ ወንዶች ተሰልፈው አማካያቸው ሲታይ የሴቶቹ ይበልጣል። ከሚስታቸው በኋላ 20 ዓመት የኖሩ አዛውንት በሰፈሩ ቢኖሩ ዓረፍተ ነገሩ አይፈርስም።

ይህ ልዩነት አማርኛውን ይለውጠዋል። የመጀመሪያው «አብዛኛውን ጊዜ» ይላል። ሁለተኛውን «ሴቶች አብዛኛውን ጊዜ ከወንዶች የበለጠ ይኖራሉ» ብትሉት ጆሮ ይጎረብጠዋል፤ «በአማካይ» ወይም «በአመዛኙ» ሲባል ነው የሚስተካከለው። ከመተርጎማችሁ በፊት «እዚህ የተቆጠረው ምንድን ነው፣ ቀን ነው ሰው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ዓረፍተ ነገሩ እንዴት ይገጣጠማል?

ባለቤት፣ ቀጥሎ ግሱ፣ ቀጥሎ «ቱ»፣ ቀጥሎ ምንም ያልተጨመረበት ግስ። ባለቤቱ ነጠላ ሦስተኛ መደብ ከሆነ ግሱ መጨረሻው ላይ ኤስ ይጨምራል፤ ሲነበብ «ቴንድዝ» ይሆናል። ከ«ቱ» በኋላ የሚመጣው ግስ ግን ባለቤቱ ማንም ይሁን ማን አይለወጥም። «ቴንድዝ ቱ ራይዚዝ» ስሕተት ነው። «ቴንድ ቱ ራይዚንግ» ም ስሕተት ነው። «ቱ»ን ዘሎ «ቴንድ ራይዝ» ማለትም እንዲሁ።

ቅጽል ወይም ስም ለማምጣት «ቢ» ጣልቃ ይገባል፤ «ቴንድ ቱ ቢ ኤክስፔንሲቭ»፣ ውድ መሆን ይቀናቸዋል። «አለ» ለማለት ደግሞ «ዜር» ይቀድማል፤ «ዜር ቴንድዝ ቱ ቢ ፎግ» ማለት አብዛኛውን ጊዜ ጉም አለ ማለት ነው።

አንድ ተጨማሪ ነገር፦ ይህ ግስ በዚህ ትርጉሙ «ኢዝ ቴንዲንግ ቱ» እየተባለ በሂደት ቅርጽ እምብዛም አይመጣም። ዝንባሌ አሁን በዚህ ደቂቃ እየተሠራ ያለ ሥራ አይደለምና።

አሉታው እንዴት ነው?

ሁለት መንገድ አለ። «ቴንድ ኖት ቱ» ጠበቅ ያለና ለጽሑፍ የሚስማማ ነው፤ «ዱ ኖት ቴንድ ቱ» በንግግር ይበዛል። ትርጉማቸው አንድ ነው። አማርኛው «ብዙም አይ…» ነው። «ሾፐርስ ቴንድ ኖት ቱ ባይ ሚት ዱሪንግ ዘ ፋስት» ከሆነ «ገበያተኞች በጾም ወራት ሥጋ ብዙም አይገዙም»። «አይገዙም» ብሎ መቁረጥ የጻፈውን ሰው ያላለውን ማስባል ነው። የማይጾም ጎረቤትም ሥጋ ይገዛል፤ ወሎ ውስጥ ይህን መርሳት አይቻልም።

በኃላፊ ጊዜስ?

«ቴንዲድ ቱ» ይሆናል። በጥናት ዜና ላይ በብዛት ታገኙታላችሁ፤ አጥኚዎቹ ያዩትን ስለሚናገሩ ነው። ለምሳሌ «ትንሽ የተኙት ተሳታፊዎች ብዙ መብላት ታይቶባቸዋል» በሚባልበት ቦታ። «ዩዝድ ቱ» ከሚለው ጋር አታምታቱት። «ዩዝድ ቱ» ድሮ ነበር አሁን ቀርቷል ይላል። «ቴንዲድ ቱ» ግን በዚያ ወቅት የታየውን ይናገራል እንጂ ስለ ዛሬው ምንም አይልም።

ትናንት አንድ ጊዜ ለሆነ ነገር መጠቀም ይቻላል?

አይቻልም። «ትናንት ሐረጎ ቁልቁለት ላይ አንድ የጭነት መኪና ሊገለበጥ ነበር» ለማለት ይህን ግስ የሚጠቀሙ ተማሪዎች አሉ። ምክንያቱ ይገባናል፤ ዝንባሌ ሲባል ማዘንበልን ያስታውሳል፣ የሚያዘነብል መኪና ደግሞ ሊወድቅ የቀረበ ነው። የእንግሊዝኛው ግስ ግን ለአፋፍ ላይ መድረስ አይሆንም። ለአንድ መኪና አንድ ገጠመኝ «ኦልሞስት» ይበቃል። የጭነት መኪኖች በዚያ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ላይ ፍጥነት መቀነስ ይቀናቸዋል ስትሉ ግን ግሱ በቦታው ነው፤ ብዙ መኪና፣ ብዙ ጊዜ።

«ነርሶች ቁስለኞችን ቴንድ ቱ» የሚል ነገር አነበብኩ፤ ይህስ?

ይህ መልኩ የሚመሳሰል ሌላ ግስ ነው። መንከባከብ፣ መጠበቅ፣ ማስታመም ማለት ሲሆን «አቴንድ» ከሚለው አጥሮ የመጣ ነው። እረኛ በጎቹን፣ ገበሬ ጓሮውን፣ ነርስ ሕመምተኛውን «ቴንድ» ያደርጋሉ። መለያው ከ«ቱ» በኋላ ያለው ቃል ነው። ግስ ከመጣ ዝንባሌ ነው፤ ስም ከመጣ እንክብካቤ ነው። የአደጋ ዜና ላይ ይህን ሳያዩ ያለፉ ሰዎች «የሕክምና ባለሙያዎች ወደ ቁስለኞች ያዘነብላሉ» ብለው ይተረጉማሉ፤ ሰሚው ምን ይበል?

ከ«ኢንቴንድ» ጋር ለምን ይምታታል?

በጆሮ ስለሚቀራረቡ ነው፤ የመጀመሪያዋ «ኢን» ቶሎ ከተነገረች ትዋጣለች። የትርጉማቸው ርቀት ግን ሰፊ ነው። «ዘ ሲቲ ኢንቴንድዝ ቱ ዋይደን ዘ ሮድ» ከተማው መንገዱን ለማስፋት አቅዷል ማለት ነው፤ ዕቅድ ነው፣ ተጠያቂ አለበት። «ኢን» ከወደቀች ከተማው መንገድ ማስፋት ልማዱ ነው ወደሚል ይዞራል። ስለ አስተዳደር ወይም ስለ ፋብሪካ ስትተረጉሙ ድምፁን ሁለት ጊዜ መልሳችሁ ስሙ።

«ትሬንድ»ስ ያው አይደለም?

አይደለም። «ትሬንድ» በጊዜ ውስጥ የሚሄድ ለውጥን ይናገራል፤ ባለፉት ዓመታት ዋጋው እየወጣ መጥቷል እንደሚባለው። «ቴንድ» ግን ባለበት የሚደጋገም ጠባይን ነው የሚናገረው። በአማርኛ ሁለቱንም «አዝማሚያ» ስለምንላቸው ነው የሚደበላለቁት። «አዝማሚያ»ን ለ«ትሬንድ» ብትተዉላት ይሻላል።

ታዲያ በአማርኛ ምን እንበለው?

እዚህ ላይ ቋንቋችን ሀብታም ነው፣ በጽሑፍ ግን አንጠቀምበትም። የቢሮ አማርኛ የለመደ ሰው ሁሉንም «የመጨመር አዝማሚያ ያሳያል» ብሎ ይገላገለዋል። ስሕተት ባይሆንም ሕይወት የለውም፤ አንድ ዘገባ ውስጥ ሦስት ጊዜ ሲደጋገም ደግሞ አድማጭ ይሸሻል።

ሰው ቤቱ የሚላቸውን እንይ። «ይቀናዋል» ከሁሉ ይቀርባል፤ ልጁ ማኩረፍ ይቀናዋል፣ ይህ ዳገት በዝናብ መንሸራተት ይቀናዋል። ሰውም ነገርም ይሸከማል። «ያበዛል» ነቀፋ ያዘለ ነው፤ ማርፈድ ያበዛል። ነቀፋ በሌለበት ዜና ላይ ስታስገቡት የራሳችሁን ፍርድ ጨመራችሁ ማለት ነው። «ያዘነብላል» ለምርጫና ለአስተያየት ይሆናል፤ ወጣት መራጮች ወደ አዲስ ዕጩ ያዘነብላሉ። «ያመዝናል» ለሚዛን ነው፤ አየሩ ወደ ቅዝቃዜ ያመዝናል። «ይቃጣዋል» ደካማ ነው፤ እንዲህ ሊያደርገው ይጀማምረዋል እንደማለት ስለሆነ ለዚህ ግስ አይበቃም። «አይጠፋውም»ም እንዲሁ። በሐምሌ ደሴ ጉም አይጠፋትም ስንል መኖሩን እንጂ መብዛቱን አልተናገርንም።

ግሱን በግስ መመለስ ግዴታ አይደለም። «ባብዛኛው»፣ «በአመዛኙ»፣ «አብዛኞቹ» ሥራውን በንጽሕና ይሠራሉ። ለሬዲዮ ደግሞ አጭሩ ይመረጣል።

ሲተረጎም ቢዘለል ምን ይጎድላል?

አማርኛ ውስጥ «ይጨምራል»፣ «ይቀንሳል» የሚለው ቅርጽ ለልማድም፣ ለሕግም፣ ለነገም ያገለግላል። «ዋጋ ይጨምራል» ያለውን ሰው አንዱ እንደ ልማድ፣ ሌላው እንደ ነገ ትንቢት ሊሰማው ይችላል። ስለዚህ ግሱ ሲዘለል ዝንባሌው በአንድ ጊዜ ቁርጥ ነገር ይሆናል።

አንድ ዓረፍተ ነገር ቀረብ ብለን እንይ። «ኤል ኒኞ ቴንድዝ ቱ ሪዱስ ኪረምት ሬይንስ ኢን ኖርዘርን ኢትዮጵያ»። ኤል ኒኞ የሚባለው በሰላማዊ ውቅያኖስ ምድር ወገብ አካባቢ ያለው የውኃ ገጽ ከወትሮው ሲሞቅ የሚፈጠረው ክስተት ነው። ይህ ሲሆን የሰሜን ኢትዮጵያ ክረምት ማነስ ይቀናዋል። በ2007 ዓ.ም ክረምት፣ በፈረንጅ 2015 መሆኑ ነው፣ ኤል ኒኞው ኃይለኛ ነበር፤ ዝናቡም ክፉኛ አንሶ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ ርዳታ አስፈለገው። ወሎም ከተጎዱት መካከል ነበር። የኤል ኒኞ ዓመት ሁሉ ግን እኩል አይከብድም፤ የሙቀቱ ኃይል፣ የሚጀምርበት ወር፣ የሌሎች ውቅያኖሶች ሁኔታ ይለዋውጡታል።

አሁን «ኤል ኒኞ ክረምቱን ይቀንሳል» ተብሎ በሬዲዮ ተነገረ እንበል። ኩታበር ወይም ቃሉ ያለ ገበሬ የሰማው ዘንድሮ ዝናብ የለም የሚል ነው። ረጅም ጊዜ የሚፈልገውን ማሽላ ትቶ ቶሎ የሚደርስ ዘር ሊዘራ፣ በሬውን በርካሽ ሊሸጥ ይችላል። «ኤል ኒኞ ባለበት ዓመት ክረምቱ ማነስ ይቀናዋል» ቢባል ግን ሊዘጋጅ የሚገባውን ያህል ይዘጋጃል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ቃል ነው። ተርጓሚ ሰዓት አጠረኝ ብሎ ሊጥላቸው የማይገባ ቃላት ናቸው።

ርዕሱ ላይ የለም፣ ውስጡ ግን አለ። የትኛውን ልመን?

ውስጡን። ርዕስ ቦታ ስለሚጠበው በመጀመሪያ የሚወድቀው እንዲህ ያለው ቃል ነው። ርዕሱ «ኮፊ ድሪንከርስ ሊቭ ሎንገር» ይላል፤ ውስጥ ስትገቡ «ፒፕል ሁ ድሪንክ ኮፊ ቴንድ ቱ ሊቭ ሎንገር» ሆኖ ታገኙታላችሁ። ቡና ሦስት ጊዜ ተፈልቶ በሚጠጣበት አገር ደስ የሚል ዜና ስለሆነ ጠንቀቅ ብላችሁ አንብቡት። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር የሚለው ሁለት ነገር አብረው ታይተዋል ነው። ቡናው ዕድሜ አረዘመ አላለም። ቡና የሚጠጡት ሰዎች በኑሯቸው፣ በጤናቸው ወይም በሌላ ልማዳቸው ከማይጠጡት ይለዩ ይሆናል። ይህ ግስ ባለበት ሁሉ መንስኤ ተረጋገጠ ብላችሁ አትተርጉሙ፤ «ቡና ዕድሜ ያስረዝማል» የሚለው ርዕስ ከግሱ አልፎ ሄዷል።

ራሴ በእንግሊዝኛ ዜና ስጽፍ መቼ ልተወው?

ቁጥር እጃችሁ ላይ ካለ ተዉት። 10 ሱቅ ዞራችሁ 8ቱ ጨምረው ካገኛችሁ «ከ10 ሱቆች 8ቱ» ብላችሁ ጻፉ፤ አንባቢው ራሱ ይመዝነው። ሁልጊዜ እውነት ለሆነ ነገርም አያስፈልግም። ውኃ ቁልቁል ይፈስሳል፤ የቦርከና ወንዝ ቁልቁል መፍሰስ አይቀናውም፣ ይፈስሳል እንጂ።

ከሁሉ በላይ ግን የአንድን ብሔር፣ የአንድን ሃይማኖት ወይም የአንድን ሰፈር ሰዎች ጠባይ ለመፈረጅ አትጠቀሙበት። «ሁሉም አላልኩም፣ ይቀናቸዋል ነው ያልኩት» የሚለው መከላከያ አይሆንም። ማስረጃ የሌለው ፍረጃ ለዘብ ባለ ግስ ቢነገርም ያው ፍረጃ ነው፤ ሙገሳ ቢሆንም እንኳ።

በሬዲዮ ሲነገር ለምን አይሰማኝም?

ቶሎ በሚነገር እንግሊዝኛ የግሱ መጨረሻ «ድ» ከ«ቱ» ጋር ሲጋጠም ይዋጣል፣ «ቱ»ም ወደ «ተ» ይለሰልሳል። ለጆሮ የሚደርሰው «ቴንተ» የሚመስል አንድ ቃል ነው። ኤስ ሲጨመርበት «ቴንዝተ» ይሆናል። የጽሑፉን ቅጂ ይዛችሁ አድምጡ፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ጆሮ ይይዘዋል።

እንዴት ልለማመደው?

በቀን 15 ደቂቃ ይበቃል። አንድ የእንግሊዝኛ የጥናት ወይም የገበያ ዜና ውሰዱና ግሱ ያለበትን አስምሩ። ከ«ቱ» በኋላ ግስ መኖሩን አረጋግጡ። ግሱን አውጥታችሁ «ዩዡዋሊ» ተኩበት፤ ትርጉሙ ካልተናጋ አግኝታችሁታል፣ ከተናጋ ደግሞ የሰዎች አማካይ ላይ ናችሁ ወይም የመንከባከቡ ግስ ነው። ቀጥላችሁ የተቆጠረው ቀን ይሁን ሰው ለዩ፣ ወደ አማርኛ መልሱት፣ ጽሑፉን አስቀምጡት። በማግስቱ አማርኛውን ብቻ እያያችሁ ወደ እንግሊዝኛ መልሱት። ግሱ ተመልሶ ካልመጣ አማርኛችሁ ውስጥ «ባብዛኛው» ወይም «ይቀናዋል» ጠፍቷል።

ለመጀመሪያ ቀን ይህን ሞክሩ፦ «በስ ፌርስ ቴንድ ቱ ጎ አፕ ዌን ፊዩል ጌትስ ኤክስፔንሲቭ»። የእኛ አማርኛ «ነዳጅ ሲወደድ የአውቶቡስ ታሪፍም መጨመር ይቀናዋል» የሚል ነው። «ይጨምራል» ብላችሁ ጽፋችሁ ከሆነ ከላይ የኤል ኒኞውን መልስ እንደገና አንብቡት።